«ካካ» እና «ማማ» ሁለቱም አጎት ናቸው፣ ግን አንድ ሰው አይደሉም፦ የጀማሪ ህንዳዊ ደራሲ አጫጭር ልቦለዶችን እንዴት እናንብብ?

በህንዷ ፑኔ ከተማ ስማር ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖር አንድ ልጅ ነበር። ቀን ባንክ ይሠራል፣ ሌሊት ይጽፋል። ዘጠኝ አጫጭር ልቦለዶቹን በእንግሊዝኛ አሰባስቦ በራሱ ገንዘብ ሲያሳትም አንድ ቅጂ ሰጠኝ። 118 ገጽ ነው፣ የኋላ ሽፋኑ ላይ 199 ሩፒ የሚል ዋጋ ታትሞበታል። በሁለት ምሽት ጨረስኩትና ሻይ ስንጠጣ «አጎትየውን እንዴት አድርገህ ነው የሣልከው! በአንድ እጁ መሬታቸውን ይነጥቃል፣ በሌላው የልጅቷን የትምህርት ቤት ይከፍላል» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና ሳቁ አመለጠው። ለካ ሁለት ሰዎች ናቸው። መሬቱን የወሰደው «ካካ» የአባቷ ወንድም ነው፤ የሚከፍልላት «ማማ» ደግሞ የእናቷ። እኔ ሁለቱንም በልቤ «አጎት» እያልኩ አንድ ሰው አድርጌያቸዋለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ እርሳስ ያዙ። የዝምድና ቃል ባገኛችሁ ቁጥር በእናት በኩል ይሁን በአባት፣ ጠርዙ ላይ ጻፉ። ፑኔ ባለችበት በማሃራሽትራ ግዛት ቋንቋ፣ በማራቲ፣ ካካና ማማን አይተናል፤ «አትያ» የአባት እህት፣ «ማውሺ» የእናት እህት ናት። ደራሲው የሂንዲ ተናጋሪ ከሆነ የአባት ታናሽ ወንድም «ቻቻ»፣ ታላቁ «ታው»፣ የአባት እህት «ቡአ» ይሆናሉ። ይህ የቃላት ጥናት እንዳይመስላችሁ። ርስት በአባት በኩል ሲወርድ ስለኖረ የመሬት ጠብ ብዙውን ጊዜ ከካካ ጋር ነው። የማማ ቤት ደግሞ ልጆች ለዕረፍት ሄደው የሚቀብጡበት ነው። በዚያ ታሪክ ካካ አንድ ቀን ጣፋጭ በካርቶን ይዞ ይመጣል፤ ከካርቶኑ ሥር ልጅቷ የምትፈርምበት ወረቀት አለ። የአንዲት ልጃገረድ ፊርማ ለምን ያስፈልገዋል? እ.ኤ.አ. በ2005 የተሻሻለው የሂንዱዎች የውርስ ሕግ ሴት ልጅን በቤተሰቡ የጋራ ርስት ከወንድ እኩል ባለድርሻ አድርጓታል። ደራሲው ይህን አንድም ቦታ አይነግራችሁም። ህንዳዊ አንባቢዎቹ ያውቁታላ!

አንድ ማሳሰቢያ፦ «ካካ» እንደኛ «ጋሼ» ለማያውቁት ሰውም ይባላል። ሻይ ሻጩም ካካ ነው። ከተደናገራችሁ ሰውየው ቤት ውስጥ ሳይጠየቅ የሚቀመጥ መሆኑን እዩ።

ቀጥሎ አክብሮቱን ፈልጉ። ሂንዲ «እርስዎ» እና «አንተ» ለማለት «አፕ»፣ «ቱም»፣ «ቱ» የሚሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ እንግሊዝኛው ሁሉንም ጨፍልቆ አንድ አድርጓቸዋል። እዚህ ላይ እኛ እድለኞች ነን። «እርስዎ» ሲባል የኖረ ሰው ድንገት «አንተ» ሲባል ምን እንደሚሰማው ማንም አያስረዳንም። ከስም ኋላ የምትመጣዋን የአክብሮት «ጂ» ተከታተሏት፤ አንድ ገጸ ባሕርይ እሷን መጥራት ያቆመበት ቦታ ላይ አንድ ነገር ተሰብሯል።

ስምም እንዲሁ ነው። በማሃራሽትራ የመካከለኛው ስም የአባት ስም ነው፣ ይህ አይከብደንም። የቤተሰብ ስም ግን ለህንዳዊ አንባቢ ብዙ ጊዜ የመጣበትን አካባቢና ካስቱን፣ ማለትም በትውልድ የሚወረስ ማኅበራዊ ደረጃውን ይጠቁመዋል። ሁሉም ሰው ሙሉ ስም ኖሮት አንዱ ብቻ በመጠሪያው ከቀረ ደራሲው ረስቶት ነው ብላችሁ አትለፉ።

ቁጥሩን በአጭሩ፦ አንድ «ላክ» መቶ ሺህ፣ አንድ «ክሮር» አሥር ሚሊዮን ነው። 1,00,000 ተጽፎ ብታዩ የኮማው ቦታ ስህተት አይደለም። ዝናብም ቀን መቁጠሪያ ነው፤ ደቡብ ህንድ ያለችው ኬረላ የሚደርሰው በግንቦት ማብቂያ (በእነሱ ጁን 1) አካባቢ ነው፣ ወደ ፑኔ የሚወጣው ቆየት ብሎ። ያን ሰሞን የማሃራሽትራ ትምህርት ቤቶች ይከፈታሉ። በልቦለዱ ውስጥ የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ አንዲት እናት ስለ ደብተርና ዩኒፎርም ዋጋ እያሰበች ሊሆን ይችላል።

አሁን የመጽሐፉ ጀርባ። የቅጂ መብት ገጹን እዩት። በ978-81 ወይም በ978-93 የሚጀምር የመጽሐፍ መለያ ቁጥር (ISBN) የህንድ ነው። መንግሥታዊው የራጃ ራምሞሁን ሮይ ብሔራዊ ኤጀንሲ በነጻ ስለሚሰጠው ግለሰብ ደራሲም ያገኘዋል። አሳታሚው ቦታ ላይ የደራሲው ስም ካለ ምናልባት አርታዒም አራሚም እሱው ራሱ ነው። እኔ እንዲህ ባለው መጽሐፍ የፊደል ግድፈት አልቆጥርበትም፤ አንድ ታሪክ ማለቅ ከነበረበት አንቀጽ አልፎ ሦስት አንቀጽ ሲያስተምረኝ ግን አልምረውም። ከዘጠኙ ሁለቱ እንዲያ ነበሩ፣ ነገርኩትም።

በቅደም ተከተል ማንበብም ግዴታ አይደለም። ጀማሪ ደራሲ የሚኮራበትን መጀመሪያ ላይ ያስቀምጣል፤ የሚፈራውን መሃል ይደብቀዋል። እኔ ከመሃል እጀምራለሁ። የካካም ታሪክ አምስተኛው ነበር።

ስትጨርሱ ለደራሲው ጻፉለት። «ደስ ይላል» አይጠቅመውም፤ ገጽ ጠቅሳችሁ የት እንደጠፋችሁ ንገሩት። በትዕዛዝ ልክ የሚታተም መጽሐፍ ፋይሉ ተቀይሮ ቀጣዩ ቅጂ ታርሞ ሊወጣ ይችላል። የእኔ ጎረቤት ካካና ማማ አብረው የሚቀመጡበት አንድ አጭር ትዕይንት ጨመረ። አንዱ ሻዩን ይጠጣል፣ ሌላው ሳይነካው ይነሳል።