ስለ ስቴት የጤናና የእርዳታ በጀት ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጃንዋሪ ላይ የአሜሪካ ስቴት ምክር ቤቶች ሲከፈቱ የሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ሽፋን) እና የፉድ ስታምፕ (የምግብ መግዣ እርዳታ) ወሬ ይደራል። «ሊቆርጡት ነው»፣ «በታክሳችን ሥራ ፈት እየቀለቡ ነው»፣ «እኛን አይነካም»። አብዛኛው ክርክር ግን አንድ ጥያቄ ይዘላል፤ ገንዘቡ የማን ነው? ይህ ሳይታወቅ በጀት ላይ መከራከር ከንቱ ድካም ነው።

«እኔ ሜዲኬይድ የለኝም»

ሜዲኬርና ሜዲኬይድ በ1965 አብረው በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ፊርማ ቢወለዱም ከፋያቸው ይለያያል። ሜዲኬር በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው የሚሰጥ የጤና መድን ሲሆን የፌደራል መንግሥት ነው። ሜዲኬይድን ስቴትና ፌደራል በጋራ ይከፍሉታል፤ የሚያስተዳድረው ስቴቱ ነው። የሚያደናግረው ደግሞ ስቴቶች የየራሳቸውን ስም ማውጣታቸው ነው። ካሊፎርኒያ ሜዲ-ካል፣ ማሳቹሴትስ ማስኸልዝ፣ ዋሽንግተን ስቴት አፕል ኸልዝ ይሉታል። ካርዱ ላይ ሜዲኬይድ የሚል ስላላየ ብቻ የቅነሳውን ዜና «አይመለከተኝም» ብሎ የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው።

«አንድ ሚሊዮን ቢቀንሱ ምን አለበት?»

ትልቁ ስህተት እዚህ ነው። ስቴት ለሜዲኬይድ ገንዘብ ሲያወጣ ፌደራል መንግሥት ድርሻውን ይጨምራል። ድርሻው በስቴቱ ነዋሪዎች አማካይ ገቢ ይሰላል፤ ከ50 በመቶ ግን አይወርድም። ሜሪላንድና ካሊፎርኒያ ደህና ገቢ ስላላቸው 50 በመቶ ያገኛሉ። ደሃዋ ሚሲሲፒ ወደ 77 በመቶ ይደርሳታል። ለዋሽንግተን ዲሲ ሕጉ ራሱ 70 በመቶ ብሎ ወስኖላታል። በኦባማ ጊዜ በወጣው ሕግ ለተጨመሩት አነስተኛ ገቢ ያላቸው አዋቂዎች ደግሞ፣ ይህን የሜዲኬይድ ማስፋፊያ በተቀበሉ ስቴቶች ፌደራሉ 90 በመቶውን ይሸፍናል።

እንግዲህ አስሉት። ሜሪላንድ ከራሷ ካዝና 1 ሚሊዮን ዶላር ለማዳን ከመደበኛው ፕሮግራም 2 ሚሊዮን መቀነስ አለባት። ሚሲሲፒ ከ4 ሚሊዮን በላይ ትቀንሳለች። 90 በመቶ በሚከፈልላቸው ሰዎች ላይ ከሆነ 1 ሚሊዮን ለማትረፍ 10 ሚሊዮን ይጠፋል። ያ ገንዘብ የሚጎድለው ከሆስፒታሉ፣ ከክሊኒኩና ከሆም ኬር (የቤት ለቤት እንክብካቤ) ኤጀንሲው ነው። ከእኛ ሰው ስንቱ በነርሲንግ ሆም (በአረጋውያን መንከባከቢያ) እና በሆም ኬር እንደሚሠራ ለማንም መንገር አያስፈልግም። «ወጪ ተቀነሰ» ሲባል የአንዳንዱ ጎረቤታችን የሥራ ሰዓት ተቀነሰ ማለት ነው።

ቅነሳው የት እንደሚጀምር መገመትም አይከብድም። የነርሲንግ ሆም አገልግሎትን ስቴቱ የግድ መሸፈን አለበት። የአዋቂዎች የጥርስ ሕክምናና አብዛኛው የቤት ለቤት እንክብካቤ ግን በስቴቱ ፈቃድ የሚሰጥ ነው። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው፤ ለሐኪሞችና ለኤጀንሲዎች የሚከፈለው ዋጋም እንደዚያው። ለእኔ ይህ ግራ ነው። አዛውንቷን ቤቷ ውስጥ መርዳት ብዙ ጊዜ ነርሲንግ ሆም ከማስገባት ይረክሳል።

«የስቴቱን በጀት አንድ ሦስተኛ በላው»

ቁጥሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በመላው አገሪቱ ሜዲኬይድ ከስቴቶች ጠቅላላ ወጪ 30 በመቶ ገደማ ይይዛል። ግን ጠቅላላ ሲባል ከፌደራል መንግሥት የሚላከውም ተደምሮ ነው። ስቴቶች ከራሳቸው ታክስ የሚያወጡት ብቻ ሲታይ አንደኛው ወጪ ትምህርት ቤት ነው። ፖለቲከኛ እንደሚመቸው አንዱን ቁጥር ይመዛል።

«ሥራ ፈት ጎረምሳ ነው የሚበላው»

አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ከሜዲኬይድ ተመዝጋቢው ሩብ ገደማ ናቸው፤ ከወጪው ግን ከግማሽ በላይ የሚሄደው ለእነሱ ነው። ነርሲንግ ሆም ካሉት ከ10 ሰው ከ6 በላይ የሚሆኑት ሜዲኬይድ ይከፍልላቸዋል፤ ሜዲኬር የረጅም ጊዜ ቆይታን አይሸፍንምና።

«ፉድ ስታምፕ የስቴቱ ገንዘብ ነው»

እስካሁን አልነበረም። ካርዱ ላይ የሚገባውን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ፌደራሉ ሲከፍል ቆይቷል፤ ስቴቱ የማስተዳደሪያውን ወጪ ግማሽ ብቻ ይሸፍን ነበር። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ይህን ቀየረ። ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ስቴቶች የማስተዳደሪያውን 75 በመቶ ይከፍላሉ። ከኦክቶበር 2027 ጀምሮ ደግሞ የክፍያ ስህተታቸው ከ6 በመቶ ያላነሰ ስቴቶች የምግቡን ወጪ ራሱን ከ5 እስከ 15 በመቶ ይጋራሉ። እዚህ ላይ ስህተት ማለት ማጭበርበር አይደለም። ሠራተኛው ገቢ በተሳሳተ መንገድ ቢያሰላ፣ ለቤተሰቡ ከሚገባው አሳንሶ ቢሰጥም ይቆጠራል። ስለዚህ ቢሮው ስለ ፔይ ስታብ (የደመወዝ ወረቀት) እና ስለ ቤት ኪራይ ወረቀት ከበፊቱ የበለጠ ቢያስጨንቃችሁ አይግረማችሁ።

«ለድሆች ተብሎ የተመደበ ለድሆች ይደርሳል»

ታንፍ የሚባለው የጥሬ ገንዘብ እርዳታ በ1996 ሲጀመር ለስቴቶች በዓመት 16.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተመደበለት። የኑሮ ውድነት ሳይጨመርበት እስከ ዛሬ እዚያው ቆሟል። ስቴቶች ገንዘቡን እንደፈለጉ የማዋል ሰፊ መብት ስላላቸው በጥሬው ለቤተሰቦች የሚደርሰው ሩብ ገደማ ብቻ ነው። በሚሲሲፒ ከዚህ ገንዘብ ሚሊዮኖች ለዩኒቨርሲቲ የቮሊቦል አዳራሽ መዋላቸው ተጋልጦ አገር ጉድ ብሏል።

«የሜዲኬይድ እድሳት ደብዳቤውን በኋላ አየዋለሁ»

በኮቪድ ጊዜ ሰው ከሜዲኬይድ እንዳይሰረዝ የነበረው ጥበቃ በ2023 ሲነሳ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከሜዲኬይድ ወጥተዋል። አብዛኞቹ የወጡት መብት እንደሌላቸው ተረጋግጦ አይደለም። ፎርም ስላልሞሉ፣ አድራሻ ስለቀየሩ ነው። በ2025ቱ ሕግ መሠረት ደግሞ በማስፋፊያው የገቡ አዋቂዎች ከ2026 መጨረሻ ጀምሮ መብታቸው በየስድስት ወሩ እንደገና ይጣራል። ነጻ የሚያደርጋቸው ምክንያት ከሌለ በአብዛኛው ስቴት ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን፣ መማራቸውን ወይም በጎ ፈቃድ መስጠታቸውን ያሳያሉ።

በስደተኝነት (ሪፊውጂ ሆኖ) የመጣ ወይም አሳይለም (ጥገኝነት) ያገኘ፣ ግሪን ካርድ ያልያዘ አዋቂ ደግሞ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ የፌደራል ገንዘብ ያለበትን መደበኛ ሜዲኬይድ ያጣል። ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች ስቴቶች የተለየ ምርጫ አላቸው። በፉድ ስታምፕ በኩል ይህ ለውጥ ቀድሞ ከሕጉ ጋር ገብቷል። የግሪን ካርድ ማመልከቻውን «ይደርሳል» እያለ የሚያቆይ ወገን አሁን በቶሎ ጠበቃ ቢያይ ይሻለዋል።

«ስቴቱ ይበደርና ይሸፍን»

አይችልም። ከቬርሞንት በቀር ስቴቶች በጀታቸውን እንዲያመጣጥኑ ይገደዳሉ። ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ ታክሱ ይቀንሳል፣ በዚያው ወቅት እርዳታ የሚፈልገው ሰው ይበዛል። መቀስ የሚወጣው ያኔ ነው። መናገር ያለብንም ሳይቆረጥ በፊት ነው። በአብዛኛው ስቴት የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምራል፤ የሜሪላንድ ምክር ቤት ደግሞ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ለ90 ቀን ብቻ ይሰበሰባል። ስለ ሆም ኬር ሰዓት ወይም ስለ ጥርስ ሕክምና ለተወካያችሁ ለመደወል ፌብሩዋሪ ጥሩ ወር ነው። ጁላይ ላይ ብትደውሉ ስልኩን በትህትና ያነሱላችኋል፤ በጀቱ ግን ጸድቋል።