ከጓደኛ ጋር ለእግር ጉዞ ባሕር ማዶ ስትሄዱ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጓደኛው ጋር በእግር ለመጓዝ ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው ሐሳቡ ሁሉ መንገዱ ላይ ነው። ካርታ ያጠናል፣ ፎቶ ያያል፣ ካልሲ ያማርጣል። እዚያ ድረስ የሚያደርሰውን በረራ ግን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እኔ በበኩሌ ረጅሙን በረራ የእግር ጉዞው የመጀመሪያ ቀን፣ ያውም ከባዱ ቀን አድርጌ ነው የማየው። እንቅልፍ የሚታጣው፣ ዕቃ የሚጠፋው፣ ጓደኛሞች የሚኮራረፉት እዚያ ላይ ነው።

በደረሱ ማግስት መራመድ

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። የእረፍት ፈቃድ አጭር ስለሆነ "ማታ እንደርሳለን፣ ጠዋት እንጀምራለን" ይባላል። ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል።

እስቲ አንድ መንገድ እንይ። ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ከተማ የሚወስደውን የስፔን የመንፈሳዊ ተጓዦች መንገድ ብዙ ሰው የሚጀምረው ድንበሩ አጠገብ ካለችው የፈረንሳይ ከተማ፣ ከሴን ዣን ፒዬ ደ ፖር ነው። የመጀመሪያው ቀን የፒሬኔን ተራሮች አቋርጦ ሮንሴስቫዬስ የምትባል የስፔን መንደር ይገባል። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱ ደግሞ ከ1,200 ሜትር ይበልጣል። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ኔይስሚዝ በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ሌላ 1 ሰዓት። ደምሩት። 7 ሰዓት ይመጣል፤ ያውም እረፍት ሳይቆጠር፣ በደህና እግር። እንግዲህ ከመላው መንገድ ከባድ ከሚባሉት ቀኖች አንዱ እንቅልፍ ባጣችሁበት ሌሊት ማግስት ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ሰውነት ከአዲስ ሰዓት ጋር ለመላመድ በግምት ለየአንዳንዱ የሰዓት ቀጠና አንድ ቀን ይፈልጋል። ወደ ምሥራቅ መብረር ደግሞ ይብሳል፤ አምሽቶ መተኛት ሲቀል፣ እንቅልፍ ሳይመጣ ቀድሞ መተኛት ይከብዳልና። ይህን ሁሉ ቀን መጠበቅ አይቻልም፤ አይጠበቅምም። ቢያንስ ሁለት ሌሊት ግን እደሩ። በመካከል ያለውን ቀን ውጭ፣ ብርሃን ላይ ዋሉ። ቦርሳ ሳትሸከሙ አንድ ሁለት ሰዓት ተንሸራሸሩ። ቀን መተኛት ካማራችሁ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ አልጋ ላይ በደንብ ከተጋደማችሁ አለቀላችሁ፣ ሌሊቱን ፍጥጥ ብላችሁ ታነጋላችሁ።

መነሻው ከፍታ ላይ ከሆነ ነገሩ የእንቅልፍ ብቻ አይደለም። ፔሩ ውስጥ ከዋና ከተማዋ ከሊማ፣ ከባሕር ጠረፍ፣ ተነስቶ ኩስኮ ለመድረስ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ኩስኮ ግን 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ነው ሐኪሞች የሚመክሩት። ጎበዝ ሯጭ መሆን ከከፍታ ሕመም አያድንም። እንዲያውም ጉልበተኛው ቶሎ ስለሚወጣ ቶሎ ሊያመው ይችላል።

ጫማን ሻንጣ ውስጥ መክተት

ሻንጣ ቢጠፋ ሸሚዝ ይገዛል፣ ጃኬት ይገዛል። እግራችሁን የለመደ ጫማ ግን የትም አይገዛም። ተጫምታችሁት ሂዱ። አውሮፕላኑ ውስጥ እግር ስለሚያብጥ ክሩን አላሉት ወይም አውልቁት። መድኃኒትና አንድ ቅያሪ ካልሲም ከእጅ ቦርሳ አይለዩ።

ጓደኛ ስላለ አንድ ዘዴ አለ። ሁለታችሁም አንድ አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስ በሌላኛው ሻንጣ ውስጥ ክተቱ። አንዱ ሻንጣ ቢቀር ሁለታችሁም የምትለብሱት አታጡም።

ሻንጣው ካልመጣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳትወጡ አስመዝግቡ፣ ቁጥሩንም ተቀበሉ። እዚህ ጋ የእግረኛ ችግር ይመጣል። ቅጹ "ያሉበት አድራሻ" ይላል፤ እናንተ ደግሞ በየቀኑ ሌላ ቦታ ነው የምታድሩት። የመጀመሪያውን ማረፊያ ብቻ ጽፋችሁ ከሄዳችሁ ሻንጣው ሁልጊዜ ከኋላችሁ ይደርሳል። የየሌሊቱን ማረፊያ ስም ከነቀኑ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ያዙና ለሠራተኛው ስጡት። የአየር መንገዶችን ኃላፊነት በሚደነግገው ዓለም አቀፍ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በ21 ቀን ውስጥ ያልመጣ ሻንጣ እንደጠፋ ተቆጥሮ ካሳ መጠየቅ ይቻላል፤ ግን እስከዚያ ጉዞው አልቆ ቤት ገብታችኋል።

የሚከለከለውን ፍተሻው ላይ ማወቅ

የምድጃ ጋዝ በሻንጣም በእጅም አይገባም። ስትደርሱ ትገዛላችሁ። የእግር ጉዞ ምርኩዝ ብዙ ቦታ ካቢን ውስጥ ስለማይፈቀድ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ፓወር ባንክ (ተንቀሳቃሽ የስልክ መሙያ ባትሪ) ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ሻንጣ ውስጥ ክልክል፣ በእጅ ግን እስከ 100 ዋት አወር (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) ይፈቀዳል። 20,000 ሚሊ አምፒር አወር የሚል የተለመደ ፓወር ባንክ 74 ዋት አወር ገደማ ስለሆነ አያሰጋም። አየር መንገዱ የራሱ ተጨማሪ ደንብ እንዳለው ግን እዩ።

ወደ ኒውዚላንድ ወይም አውስትራሊያ ከሆነ ጫማችሁን እጠቡ። አፈር የያዘ ጫማ በመግቢያ ካርዱ ላይ መገለጽ አለበት፤ ዝም ብሎ ያለፈ ይቀጣል። ብሩሽ ይዛችሁ ሶሉን ፈልፍሉ፤ ጭቃው የሚደበቀው እዚያ ነው።

ቀኑን ማሳሳት

ማክሰኞ 00:15 (ከእኩለ ሌሊት 15 ደቂቃ በኋላ) ለሚል በረራ አውሮፕላን ማረፊያ የሚኬደው ሰኞ ማታ ነው። ይሄ ሞኝ ስህተት ይመስላል፤ ግን አስተዋይ የሚባሉ ሰዎች በየጊዜው ይሠሩታል። ከሎስ አንጀለስ ወደ ኦክላንድ ሲበር ደግሞ ቀን የሚቀየርበት ዓለም አቀፍ መስመር ስለሚታለፍ የካላንደሩ አንድ ቀን ይዘለላል። ማረፊያ ስትይዙ ከተነሳችሁበት ሳይሆን ከምትደርሱበት ቀን ቁጠሩ።

ርካሽ ብሎ ትኬት መቀጣጠል

ሁለት ለየብቻ የተቆረጡ ትኬቶች አንዱ ስለ ሌላው አያውቁም። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ አይመለከተውም፤ አዲስ ትኬት ግዙ ይላችኋል። ሻንጣውን ወስዶ እንደገና ለማስገባትም ወደ አገሩ መግባት ስለሚያስፈልግ ቪዛ ሊጠየቅ ይችላል። ሁለት ጓደኛሞች የተለያየ ፓስፖርት ከያዙ አንዱ እያለፈ ሌላው ሊቀር ይችላል። የየራሳችሁን አጣሩ፤ "እሱ አያስፈልገውም" ማለት "እኔም አያስፈልገኝም" ማለት አይደለም። በሼንገን አገሮች (በጋራ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ፓስፖርቱ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የወጣ መሆን አለበት፤ ከምትወጡበት ቀን በኋላም ቢያንስ 3 ወር ማገልገል አለበት።

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑንም እዩ። ወደ ጥንታዊቷ ማቹ ፒቹ የሚወስደው የፔሩ የኢንካ መንገድ በየካቲት ይዘጋል፤ በሌላውም ጊዜ በቀን 500 ሰው ብቻ ያስገባል፣ አስጎብኚና ተሸካሚ ጨምሮ። ቅድም ያነሳሁት የፒሬኔ ተራራ መንገድም ከኅዳር መጀመሪያ እስከ መጋቢት መጨረሻ ዝግ ነው። ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ተቀምጦ መቅረት

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን በእጥፍ ገደማ ያሳድጋል። ለጤነኛ ሰው አሁንም ትንሽ አደጋ ነው፤ ግን ተነስቶ መንቀሳቀስ ምን ይከፈልበታል? ውሃ ጠጡ፤ አልኮሉ ይቅር።

ሳይነጋገሩ መነሳት

ለዓመታት የሚዋደዱ ሰዎች በሁለተኛው ቀን ሊኮራረፉ ይችላሉ። አብሮ ቡና መጠጣትና አብሮ መራመድ ለየቅል ነው። ስለዚህ ገና ትኬት ሳይቆረጥ አፍ አውጥታችሁ ተነጋገሩ። ስንት ሰዓት ትነሳላችሁ? ለማረፊያ ስንት ታወጣላችሁ? አንዱ ያንኮራፋል? መንገድ ላይ ማውራት ነው ዝም ማለት የምትወዱት?

ፍጥነት ላይ ደግሞ አንድ የተለመደ ጥፋት አለ። ፈጣኑ ቀድሞ ይሄድና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ዘገምተኛው እያለከለከ ሲደርስ ፈጣኑ ሱሪውን አራግፎ "እሺ፣ እንሂድ" ይላል። አንዱ አሥር ደቂቃ አረፈ፣ ሌላው ምንም። ይሄ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ሲደጋገም አመሻሹ ላይ ፊት ይጠቁራል። ስለዚህ ዕረፍቱ የሚቆጠረው የኋላው ሰው ከተቀመጠ ጀምሮ ይሁን። መንገዱ ለሁለት በሚለያይበት ቦታ ሁሉ ደግሞ የፊተኛው ቆሞ ይጠብቅ፤ ስልክ በማይሠራበት ተራራ ላይ መጠፋፋት ቀላል ነው።

ከተለያየ አገር ተነስታችሁ የምትገናኙ ከሆነ መገናኛችሁ አውሮፕላን ማረፊያው ሳይሆን የምታድሩበት ቤት ይሁን። የአንዱ በረራ ቢዘገይ ሌላው ወንበር ላይ አያድርም። ትኬቱና የማረፊያው አድራሻም በአንድ ሰው ስልክ ብቻ አይቀመጥ።

ከሁሉ የከበደውን ጥያቄ ሰው አያነሳውም፦ አንዳችን ብንጎዳ ሌላው ይቀጥላል ወይስ ይመለሳል? ውሃ በቋጠረ እግርና በተከፋ ፊት መሀል ይህን መወሰን አይቻልም። አሁኑኑ ተስማሙ። ኢንሹራንሱም ያንኑ ይሸፍን እንደሆነ ውሉን አንብቡ። ብዙው ከተወሰነ ከፍታ በላይ አይሠራም፤ የሄሊኮፕተር ማዳንንም ለብቻው ካልጨመራችሁት አይከፍልም።