ሰፊ ከርቭድ (ጎበጥ ያለ) ሞኒተር ለምትገዙ

ባሕር ዳርም ሁኑ ደብረ ማርቆስ፣ ቀን የሰርግ ፎቶ ኤዲት እያደረጋችሁ ማታ ጌም የምትጫወቱ ልጆች፣ ኢንቹን ብቻ አይታችሁ አትግዙ። 34 ኢንች ላይ 2560 በ1080 ፒክስል (ምስሉን የሚሠሩት ነጥቦች፣ በአግድምና በቁመት) ምስሉ ሻካራ ነው፤ 3440 በ1440 የሆነውን ጠይቁ (ግራፊክስ ካርዳችሁ ከቻለው!)። 144 ሄርዝ (ስክሪኑ ምስሉን በሰከንድ 144 ጊዜ ሲያድስ) ለጌም ደስ ይላል፣ ለፎቶ ግን ምንም አይጨምርም። እዚያ ወሳኙ ቀለም ነው። ኤስአርጂቢ የሚባለውን መደበኛ የቀለም ክልል ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ከተገኘም አይፒኤስ (ከጎን ሲታይም ቀለሙ ብዙ የማይለወጥ የስክሪን ዓይነት) ይሁን፤ አለዚያ የሙሽራዋ ጥበብ ስክሪኑ ላይ ሌላ፣ ሲታተም ሌላ ይሆንባችኋል። ቪኤ የሚባለው የስክሪን ዓይነት ጥቁሩ ያምራል፣ ከጎን ሲታይ ግን ቀለሙ ይለወጣል። ጉብጠቱስ? ከ“አር” ጋር የሚጻፈው ቁጥር (የጉብጠቱ ራዲየስ በሚሊሜትር) ሲያንስ ይብሳል፤ 1000አር ከ1800አር የጎበጠ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ለሚያስተካክል እኔ 1800አርን እመርጣለሁ። ኬብሉ ዲስፕሌይፖርት ይሁን፣ የድሮ ኤችዲኤምአይ ሄርዙን ይገድበዋል።