ላሜ ማነከሷን ያቆመችው እንዲህ ነው

አዳማ ጓሯችን ውስጥ ሁለት የፈረንጅ ላሞች አሉን። በቀደም አንዷ ማነከስ ጀመረች። ወለም ያላት መስሎኝ ሦስት ቀን ዝም አልኩ፣ እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው። ላም ሲያማት ብዙም አትጮህም። ጀርባዋን ታጎብጣለች፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ ማመስኳት ትቀንሳለች። የኔዋ ይህን ሁሉ እያሳየችኝ ነበር፣ ወተቷም ቀንሷል።

የእንስሳት ሐኪም ጠራሁ። «ወንድሜ፣ ኮቴዋን አጥበህ አይተኸዋል?» አለኝ። አላየሁም። የኋላ ግራ እግሯን በገመድ አንስቶ አጠበው። በውጪኛው ጣት ኮቴ ሥር (የኋላ እግር ችግር የሚበዛው እዚያ ነው) የምስር ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ ነበረች። በኮቴ ቢላዋ ሲከፍታት ግራጫ መግል ፈሰሰ፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ከዚያ የታመመው መሬት እንዳይነካ ጤነኛው ጣት ላይ የእንጨት ሶል ለጠፈ፣ ለሕመሙ ደግሞ ሜሎክሲካም የሚባል ማስታገሻ ወጋት። ማስታገሻውን ብቻ ብንሰጣት ኖሮ መግሉ እዚያው ይቀር ነበር። ደግሞ እባካችሁ፣ ቤት ያለ የሰው ክኒን በግምት አትስጡ። የተወጋችው መድኃኒት ወተት ውስጥም ይገባል፤ ሐኪሙ ባለኝ ቀን ልክ ወተቱን ደፋሁት፣ ለጥጃም አልሰጠሁም።

ሲሚንቶው ላይ የጤፍ ጭድ ወፈር አድርጌ አነጠፍኩላት። በማግስቱ ጠዋት በረት ስገባ ጋደም ብላ ታመሰኳለች።