የሲንክ መግቢያ በራውተርና በቴምፕሌት እንዴት እንደሚቆረጥ

ካቢኔቱ ቆሟል፤ ከላይ የሚጋደመው ባለፎርማይካ ቺፕውድም መጥቷል። የቀረው ለሲንኩ መግቢያ መክፈት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጂግሶ፣ ማለትም ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ ያነሳል። አይቆርጥም አይባልም። ግን ጥርሱ ወደ ላይ ስለሚስብ ፎርማይካውን ይሸራርፈዋል። 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ምላጩ ይጣመማል። የእንጨት ራውተር፣ ማለትም በሚሽከረከር መቁረጫ እንጨት የሚበላ ማሽን፣ በቴምፕሌት (መንገዱን በሚመራው ቅርጽ) ከተመራ ጠርዙ ቀጥ ብሎ፣ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። የመረጣችሁት ግራናይት ከሆነ ግን ይሄ አይሠራላችሁም፤ ለድንጋይ ቆራጭ ስጡት።

ከዕቃዎቹ ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ግማሽ ኢንች ቢት (የሚሽከረከረው መቁረጫ) የሚይዝ ጠንካራ ራውተር፣ 12.7 ሚሊ ሜትር ስፋትና 50 ሚሊ ሜትር የመቁረጫ ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ቢት፣ 30 ሚሊ ሜትር መሪ ቀለበት። ቀለበቱ ራውተሩ ሆድ ላይ ይታሰርና የቴምፕሌቱን ጠርዝ እየታከከ ይሄዳል። ለቴምፕሌቱ 12 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ለስላሳ ጣውላ) ይበቃል። ወደ ታች የሚወጣው የቀለበቱ ከንፈር ግን ከኤምዲኤፉ ውፍረት ማጠር አለበት፤ አለዚያ ቺፕውዱ ላይ ይቆማል።

አሁን ሒሳቡ። ቀለበቱ ከቢቱ ስለሚሰፋ ቢቱ የቴምፕሌቱን ጠርዝ አይነካም። ከ30 ላይ 12.7 ሲቀነስ 17.3 ይቀራል፤ ግማሹ 8.65 ነው። ቢቱ በየጎኑ ይህን ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ይቆርጣል ማለት ነው። ስለዚህ የቴምፕሌቱ ክፍት ቦታ በርዝመትም በወርድም 17.3 መጨመር አለበት። ለምሳሌ 860 በ500 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲንክ ይዛችኋል፤ አብሮት የመጣው ወረቀት መግቢያው 840 በ480 ይሁን ይላል። ቴምፕሌታችሁ 857.3 በ497.3 ይሆናል። ይህን ዘላችሁ ቴምፕሌቱን 840 ብታደርጉት መግቢያው 822.7 ይወጣና ሲንኩ አልገባም ይላል። ለግማሽ ሚሊ ሜትር ግን አትጨነቁ። የሲንኩ ከንፈር በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ይሸፍንላችኋል።

ከአንድ ጣውላ ላይ መስኮት መክፈት አድካሚ ነው። እኔ የምመርጠው 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው አራት ቀጥ ያሉ ቁራጮችን ነው። የእያንዳንዱን ጫፍ የቀጣዩ ጎን ላይ እያስደገፋችሁ ዙሩ። እንዲህ ሲሆን ቁራጮቹ ቢረዝሙም ችግር የለውም፤ እየገፋችሁ መጠኑን ታመጣላችሁ። በሁለት በኩል በሚጣበቅ ፕላስተር ለጥፋችሁ በሞርሳ አጥብቋቸው። ሞርሳው የራውተሩን መንገድ እንዳይዘጋ ዳር ዳር ይሁን። ከዚያ ከማዕዘን ማዕዘን ለኩ። በምሳሌያችን ሁለቱም 991 ሚሊ ሜትር ገደማ መምጣት አለባቸው። ከተለያዩ ቴምፕሌቱ ዘሟል፤ ስኳድራ ያዙና አስተካክሉ።

ቦታውን ስትመርጡ ከታች ያለውንም እዩ። የካቢኔቱ ግድግዳ ወይም የመሳቢያ ሐዲድ ሲንኩን እንዳይገጥመው። ከፊት በኩል ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ቺፕውድ ይቅር፤ ከዚያ ከቀጠነ ሲሸከሙት ይሰበራል።

መጀመሪያ ተራፊ ቁራጭ ላይ ሞክሩ። ከቴምፕሌቱ ጠርዝ እስከ ተቆረጠው መስመር ያለውን ለኩ፤ 8.65 ካልመጣ ቀለበቱ መሃል አልገባም ማለት ነው። ቢቱን ስትቀይሩ ሁሌም ሶኬቱን ንቀሉ።

ለመቁረጥ ቺፕውዱን አግዳሚ ላይ አጋድሙት፤ ቢቻል ውጭ። አቧራው ጉድ ነው። መነጽር፣ ማስክና የጆሮ መከለያ አትርሱ። የሚወድቀው ቁራጭ ሥር አንድ ጣውላ አሳልፉ። ይህ ካልተደረገ መጨረሻ ላይ ቁራጩ በክብደቱ ይገነጠልና የፎርማይካውን ጥግ ይዞት ይሄዳል። ቢቱ ጣውላውን በትንሹ ስለሚነካው በመንገዱ ላይ ብሎን እንዳይኖር።

ራውተሩን አስነሱ፣ ሙሉ ፍጥነት ይያዝ፣ ከዚያ አጥልቁት። ቢታችሁ ከሥሩ የማይቆርጥ ዓይነት ከሆነ መነሻውን በድሪል ብሱት፤ ቀዳዳው ከሚወድቀው ወገን ይሁን። አንድ ዙር 8 ሚሊ ሜትር ብቻ። ለ40 ሚሊ ሜትር አምስት ዙር ይሆናል። አቅጣጫው በሰዓት ቆጣሪ አዟዟር ነው፤ እንዲህ ሲሆን ቢቱ ራሱ ራውተሩን ወደ ቴምፕሌቱ ይጎትተዋል። በተቃራኒው ከዞራችሁ ከእጃችሁ ሊያመልጥ ይታገላል። አንድ ቦታ ላይ አትቁሙ፣ ይቃጠላል። በየዙሩ መሃል ብናኙን ጥረጉት፤ ቀለበቱና ቴምፕሌቱ መካከል ከገባ መስመሩ ይጎረብጣል። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፉ። ድንገት ሲመጣ ራውተሩ ብቻውን እንዳይነሳ።

ሲያልቅ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና ሲንኩን አስገብታችሁ ሞክሩት። ከዚያ አውጡት፣ ምክንያቱም ብዙዎች የሚዘሉት ሥራ ገና ይቀራል። የተቆረጠው ቺፕውድ ውኃ ካገኘ ያብጣል፤ ካበጠ ደግሞ አይመለስም። ዙሪያውን፣ የቧንቧውን ቀዳዳ ጨምሮ፣ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀቡት። የምትከፍቱት ለስቶቭ ከሆነ በአሉሚኒየም ቴፕ ሸፍኑት፤ ሙቀቱን ይመልሳል። ቫርኒሹ ሲደርቅ በሲንኩ ከንፈር ሥር ሲሊኮን አዙራችሁ አስቀምጡትና በማያያዣዎቹ አጥብቁት። ውኃ ለመክፈት 24 ሰዓት ጠብቁ።