አርም ላፕቶፕ ስትገዙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ራሙን ይጠይቃል፣ ሃርድ ዲስኩን ይጠይቃል፣ ዋጋ ይከራከራል። የፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ዓይነት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ድሮ ብዙም አያስፈልግም ነበር። ኢንቴልም ሆነ ኤኤምዲ፣ ለዊንዶውስ የተሠራ ፕሮግራም በሁለቱም ላይ ይሠራል። አሁን ግን አርም የሚባለው ፕሮሰሰር ያላቸው ላፕቶፖች መጥተዋል። አፕል ኤም1 የተባለውን የማክ አርም ፕሮሰሰር ያወጣው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። በ2024 ደግሞ ስናፕድራጎን ኤክስ የተባለው የአርም ፕሮሰሰር ያላቸው የዊንዶውስ ላፕቶፖች ተከተሉ። ባትሪያቸው ይቆያል፣ ብዙም አይሞቁም። ለድሬ ሙቀት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ጣጣው ያለው ሶፍትዌሩ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት፦ “ዊንዶውስ እስከሆነ ድረስ ሁሉም ይሠራል” ማለት።

ለኢንቴል የተዘጋጀን ፕሮግራም አርም በቀጥታ አይረዳውም። ዊንዶውስ 11 መሀል ገብቶ ይተረጉምለታል። ብዙ ፕሮግራም በዚህ መንገድ ይሠራል፤ ፍጥነቱ ግን ሊቀንስ ይችላል። ኦፊስና ክሮም ለአርም የተዘጋጀ የራሳቸው ቅጂ ስላላቸው አያሳስቡም። ያገለገለ አርም ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ 10 ካገኛችሁ ግን ተጠንቀቁ። እሱ የሚተረጉመው ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የሚያለቅስበት፦ ድራይቨርን መርሳት።

ድራይቨር ማለት ዊንዶውስን ከፕሪንተርና ከመሰል ዕቃ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሶፍትዌር ነው። ትርጉሙ ለፕሮግራም እንጂ ለድራይቨር አይደለም። ድራይቨር ከዊንዶውስ ጋር ተጣብቆ ስለሚሠራ ለአርም ተብሎ የተዘጋጀ መሆን አለበት። ከዚራ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው ፕሪንተሩ የቆየ ሞዴል ነው እንበል። አምራቹ ለዚያ ሞዴል የአርም ድራይቨር ካላወጣ፣ ላፕቶፑ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ወረቀት ላይወጣ ይችላል። ስካነር፣ የደረሰኝ ማተሚያ፣ የጣት አሻራ ማንበቢያም እንዲሁ ናቸው። ዩኤስቢ ላይ በሚሰካ የፈቃድ ቁልፍ የሚከፈቱ የምህንድስና ፕሮግራሞችም አሉ። ፕሮግራሙ ተተርጉሞ ሊነሳ ይችላል፤ የቁልፉ ድራይቨር ከሌለ ግን “ፈቃድ የለም” ይላችኋል። አንዳንድ ቪፒኤንና አንቲቫይረስም በዚሁ ምክንያት እምቢ ይላሉ።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የዕቃዎቻችሁን ሞዴል ጻፉ። የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ “አርም64” የሚል ድራይቨር መኖሩን እዩ። በኔትወርክ የሚያትሙ አዳዲስ ፕሪንተሮች ብዙውን ጊዜ የተለየ ድራይቨር አይፈልጉም።

ሦስተኛው፦ “ማክቡክ ገዝቼ ዊንዶውስ እጭንበታለሁ” የሚለው ሐሳብ።

በኢንቴል ማኮች ላይ ዊንዶውስ የሚያስጭን ቡት ካምፕ የሚባል ፕሮግራም ነበር። ከኤም1 ጀምሮ የለም። ፓራለልስ በሚባለው ፕሮግራም ዊንዶውስ ማስነሳት ይቻላል፤ የሚነሳው ግን የአርሙ ዊንዶውስ ነው፣ የድራይቨሩም ችግር አብሮ ይመጣል። የማኩ የራሱ ተርጓሚ ሮዜታ 2ም ዘላለማዊ አይደለም። አፕል ሙሉ አገልግሎቱ እስከ ማክኦኤስ 27 (የማኩ ሲስተም ስሪት) ብቻ እንደሚቀጥል በ2025 አሳውቋል። ለኢንቴል ማክ ብቻ የተሠራ ፕሮግራም ላይ ሥራችሁን አትመሥርቱ።

ስለ ማውረድ አንድ ነገር። “ኤክስ64” የሚለው ፋይል ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ነው። ሊኑክስ ላይ “ኤኤምዲ64” የሚለው ለኢንቴልም ጭምር ነው፤ ራስፕቤሪ ፓይ ለሚባለው ትንሽ የአርም ኮምፒውተር ግን አይሆንም። ዳታችሁን አታቃጥሉ፣ መጀመሪያ ስሙን አንብቡ።

የመጨረሻው፦ ሳይሞክሩ መክፈል።

ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ብላችሁ ግቡ፤ የፕሮሰሰሩ ዓይነት ተጽፏል። የምትሠሩባቸውን ፕሮግራሞች በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ፒችትሪን የመሰለ የሒሳብ ፕሮግራም ከሆነ መክፈት ብቻ አይበቃም፤ የናሙና ዳታ አስገብታችሁ ሪፖርት አውጡ። የግዕዝ መጻፊያችሁንም ሞክሩ፤ ካልሠራ ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። ሥራችሁ የተንጠለጠለው በአንድ አሮጌ ፕሮግራም ላይ ከሆነና ካልተነሳ፣ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ግዙ። ባለ ሱቁ “መሞከር አይቻልም” ካለ ሌላ ሱቅ ግቡ።