ከመንገድ በፊት፦ ጉንፋኑ የት አገር እንደበረታ እንዴት ማየት ይቻላል

እኛ ጋ የሳለ ሁሉ ጉንፋን ይዞታል። ላብራቶሪ ግን ኢንፍሉዌንዛውን፣ ኮቪዱንና አርኤስቪ የሚባለውን የመተንፈሻ አካላት ቫይረስ ይለያል። ውጤቱም በየሳምንቱ ተሰብስቦ ማንም ሊያየው በሚችልበት ገጽ ላይ ይወጣል። እኔ ማየት የጀመርኩት እናቴን ይዤ ሜሪላንድ እኅቴ ጋ ልሄድ ስል ነው። አይቼም ተሸወድኩ።

መጀመሪያ ፍሉኔትን ክፈቱ። የዓለም ጤና ድርጅት ገጽ ነው፤ ነፃ ነው። ድርጅቱ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዘረጋው የላብራቶሪዎች መረብ አለ፤ የየአገሩ የኢንፍሉዌንዛ ማዕከል ውጤቱን እዚያ ይልካል። የእኛው ማዕከል የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ ነው።

አገሩንና ጊዜውን ምረጡ። ሳምንቶቹ በቁጥር ናቸው፤ አንድ ብለው የሚነሱት ከጃንዋሪ ነው። 40ኛው ሳምንት ማለት የእኛ መስከረም ማብቂያ አካባቢ ነው፤ አሜሪካና አውሮፓ የጉንፋን ወቅታቸውን መቁጠር የሚጀምሩት ከዚያ ነው። አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ ላይ የሚበረታው ደግሞ እኛ ክረምት ስንገባ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ግራፉ ላይ ረጅሙን ቋሚ አይታችሁ «እዚህ አገር ብሷል» አትበሉ። የሚቆጠረው ቫይረስ የተገኘበት ናሙና ነው፤ ብዙ የመረመረ ብዙ ያገኛል። ሠንጠረዡ ውስጥ ስንት ናሙና እንደተመረመረ የሚያሳይ ዓምድ አለ። የተገኘውን ለተመረመረው አካፍሉ። አንዱ አገር 2,000 መርምሮ 100 ቢያገኝ 5 በመቶ ነው። ሌላው 40 መርምሮ 12 ቢያገኝ 30 በመቶ። የሁለተኛው ቋሚ ግራፉ ላይ ከነመኖሩም አይታይ ይሆናል፤ የሚያሳስበው ግን እሱ ነው። 40 ናሙና ትንሽ ስለሆነ የሦስት ሳምንቱን ደምራችሁ አካፍሉ። አውሮፓ ውስጥ ወቅቱ ገባ የሚባለው መቶኛው 10 ሲያልፍ ነው፤ እኔም እሱን ይዣለሁ። ባዶ ቦታ ካያችሁ ደግሞ ሪፖርት አልተላከም ማለት እንጂ በሽታ የለም ማለት አይደለም።

እኔን ጉድ የሠሩኝ የመጨረሻዎቹ ቋሚዎች ናቸው። የፈረንጆች ገና ሰሞን ነበር። ግራፉ ሽቅብ ወጥቶ ወጥቶ መጨረሻው ላይ ዝቅ አለ። ደስ አለኝ። እኅቴ ደውላ «ኧረ እዚህ ቤቱ ሁሉ እያሳለ ነው፣ እማዬን አሁን አታምጣት» ስትለኝ፣ «ዳታው እየወረደ ነው» ብዬ ድርቅ አልኩ። ሄድን። በአምስተኛው ቀን እማዬ በትኩሳት ተኛች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ያንኑ ገጽ ስከፍተው፣ አጥረው የነበሩት ሁለት ቋሚዎች አድገው ከሌሎቹ በልጠዋል። ለካ አልወረደም፤ ያልተላከ ሪፖርት ነበር። በበዓል ሰሞን መዘግየቱ ይብሳል። ከዚያ ወዲህ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ነው የማየው።

አሜሪካ የምትሄዱ ከሆነ የአገሩ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ሳምንታዊ ሪፖርቱን አርብ አርብ ያወጣል። እኔ እዚያ የምወደው የፍሳሽ ውሃውን ምርመራ ነው። ሰው ሐኪም ቤት ባይሄድ መጸዳጃ ቤት መሄዱ አይቀርም። ቤቱ ውስጥ ጨቅላ ወይም አዛውንት ካለ አርኤስቪን ለብቻው ፈልጉ፤ እነሱ ላይ ይጠናል።

በአቋራጭ መገመትን አልወድም። ጎግል በ2008 እ.ኤ.አ. ሰዎች ከሚፈልጉት ቃል ተነስቶ ጉንፋንን ሊገምት ሞክሮ ነበር። በ2012/13 ወቅት ከእውነታው እጅግ አጋኖ ገመተ፤ በ2015 ተወው።

ይህን ሁሉ ከበረራው አንድ ወር ቀደም ብላችሁ አድርጉት። መቶኛው እየወጣ ከሆነ ለመከተብ ጊዜ ይኖራችኋል፤ ክትባቱ ሥራውን እስኪጀምር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። እኔ ገጹን የከፈትኩት ሻንጣ እየሸከፍኩ ነበር።